በጉትቻዬ የገዛሁት ናፍጣ

ነገሩ የሆነው በሃምሳዎቹ መጀመሪያ፣ እኔ ገና ሙሽራ ሳለሁ ነው። ስልሳ ዓመት አልፎታል። ለልጆቼ እንኳ ነግሬያቸው አላውቅም።

ዘንድሮ የልጅ ልጄ ኤሌክትሪክ መኪና ገዝቶ አሰላ ሊያሳየን መጣ። ገና ከመድረሱ ከአባቱ ጋር ክርክር ገጠሙ። ልጁ «እንደ ስልክ ግድግዳ ላይ እሰካታለሁ፣ ሞልታ ትጠብቀኛለች። ያንተ መኪና በሳምንት በምትጠጣው ቤንዚን ዋጋ እኔ ወር እነዳበታለሁ» ይላል። አባቱ ደግሞ «ባትሪው ሲሞት እናያለን! በቆጂ መንገድ ላይ ቀጥ ብትልብህ ማን ቤት ገብተህ ልትሰካት ነው?» ይላል። ዘይት መቀየር ቀረ፣ መለዋወጫ አይገኝም፣ ጎማ ቶሎ ትበላለች፣ አትበላም ሲባባሉ ምሳው ቀዘቀዘ።

እኔ ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ። ልጄ «ምን ያስቅሻል እማዬ?» ሲለኝ «ምንም» አልኩት። ያሳቀኝ ይኸው ክርክር በኛ ቤት የቆየ መሆኑ ነው። ያኔ የቤንዚንና የናፍጣ ነበር። በዚያ ክርክር ሰበብ የሠራሁት ጥፋት ትዝ ሲለኝ እስከ ዛሬ ፊቴ ይግላል። ዕድሜዬም ሄዷል፤ ከነምስጢሬ ከምቀበር ልጻፈው ብዬ ነው።

ያደግሁት ናዝሬት ነው። ታፈሰን አግብቼ አሰላ ስመጣ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እሱ በዐሥር ዓመት ይበልጠኛል። ሾፌርም ባለ መኪናም ነበር። መኪናዋ ከጣልያን ጊዜ የቀረች የቤንዚን ካሚዮን ናት፤ አንድ ጣልያን መካኒክ ወደ አገሩ ሲገባ ነው የሸጠለት። በሳምንት ሁለት ቀን አሰላና ጢቾ ትመላለሳለች። ስትሄድ ጨውና አቡጀዲ፣ ስትመለስ ገብስና ስንዴ ትጭናለች። ከጭነቱ በላይ ደግሞ ሰው ይሳፈራል።

በዚያን ጊዜ ባሌን አንቱ ነበር የምለው። «ኧረ ተይ ዘኔ፣ ገና ሳላረጅ አታስረጂኝ» ቢለኝም አፌ እሺ አላለኝም። እናቴ አባቴን እንደዚያ ስትጠራ እየሰማሁ ነው ያደግሁት።

መኪናዋ ቤንዚን የምትጠጣው ለጉድ ነበር። ግቢያችን ውስጥ የምናስቀምጠው በርሜል ሞልቶ ከናዝሬት ይመጣል፣ ዐሥራ አምስት ቀን ሳይሞላው ባዶውን ያስተጋባል። ጭነት ያልተገኘ ቀንም ትጠጣለች፤ ዳገት ላይማ አይነሳ። ታፈሰ እራት ስንበላ ግንባሩን በመዳፉ እያሸ «ይቺ መኪና እኮ ከእኛ ጋር ማዕድ የምትቀርብ ሦስተኛ ሰው ናት፤ ግን ከሁላችን ቀድማ ትበላለች» ይል ነበር። በአጋሰስ የሚነግዱት ሰዎች ደግሞ በር ላይ ሲያገኙት «የኛ በቅሎ የምትጠጣው የምንጭ ውሃ ነው፤ ነጋዴውም አላህ ነው፣ ዋጋ አይጨምርም!» እያሉ ያሾፉበታል። እሱም አብሯቸው ይስቃል፤ ቤት ሲገባ ግን ሳቁ የለም።

በዚያው ዓመት አንድ የከተማው ባለጸጋ አዲስ የናፍጣ መኪና አስመጣ፤ ናፍጣም ከመጋዘኑ ይሸጥ ጀመር። ታፈሰ ያቺን መኪና ባያት ቁጥር ይተክዛል። «ናፍጣ ዋጋው ከቤንዚን በብዙ ይወርዳል፤ ያውም ያንኑ ያህል ቢቀዱ የበለጠ መንገድ ያስኬዳል። ምናለ እኔም ናፍጣ ቢሆንልኝ!» ይላል።

ለእኔ የገባኝ ሌላ ነው። ቤንዚንና ናፍጣ ለኔ እንደ ስንዴና ገብስ ነበሩ። ስንዴ የተወደደበት ሰው ገብስ ይበላል፤ ሁለቱም ያጠግባሉ። ታፈሰ ናፍጣ የማይገዛው ከባለጸጋው ደጃፍ መቆም ኩራቱ አልፈቅድ ብሎት ነው ብዬ አሰብኩ። የአንዱ ሞተር ከሌላው እንደሚለይ የነገረኝ የለም። እኔም አልጠየቅሁም።

ስዳር እናቴ የሰጠችኝ የወርቅ ጉትቻ ነበረኝ። እሱን ለጎረቤቴ ሸጥኩላትና ሁለት ጄሪካን በአህያ አስጭኜ ወደ ባለጸጋው መጋዘን ሄድኩ። መጋዘን ጠባቂው ያውቀኛል።

«ታፈሰ መኪና ለወጠ እንዴ?» አለኝ።

«ሊለውጥ ነው» አልኩት። ነዳጁን ማለቴ ነበር።

«ይቅናው!» ብሎ ሁለቱንም ሞላልኝ። ቤት ወስጄ ከማገዶው ክምር ጀርባ ደበቅኋቸው።

የጢቾ ቀን ደረሰ። ወሩ ታኅሣሥ ነው፤ ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ብርድ ጆሮ ይቆርጣል። ታፈሰ በማለዳ ተነሥቶ «ዘኔ፣ ከበርሜሉ ሁለት ጄሪካን ቀድተሽ ጨምሪባት፤ እኔ ተሳፋሪዎቹን ልጥራ» ብሎኝ ወጣ። ነዳጅ መጨመር ካስተማረኝ ገና ወሩ ነበር። በርሜሉን አልነካሁትም። ናፍጣዬን አምጥቼ ሁለቱንም ጄሪካን ገለበጥኩባት። ሽታው ከበድ ያለ ነው። «ርካሽ ነገር መቼም እንዲህ ነው የሚሸተው» አልኩ ለራሴ።

ሲመለስ «ዛሬ አብሬዎ ልሂድ፤ ጢቾን አይቼው አላውቅም» አልኩት። ደስ አለው። እውነቱን ለመናገር ግን ጢቾ አላጓጓችኝም። ስንደርስ «ከበርሜልዎ ጠብታ አልተነካም!» ስለው ፊቱን ማየት ፈልጌ ነው።

ጋቢና ውስጥ እኔ ከመሐል፣ በበሩ በኩል ደግሞ አደ መዲና የሚባሉ ባልቴት ተቀመጡ። «አደ» በኦሮምኛ ትልቅ ሴት በአክብሮት የሚጠራበት ነው። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ዐይናቸው የሚስቅ ሴት ነበሩ። አማርኛቸው ሰበር ሰበር ቢልም ጨዋታ ያውቃሉ።

«ወዴት ነው የሚሄዱት እናቴ?» አልኳቸው።

«ፍርድ ቤት። ቀጠሮ አለኝ።»

«ከማን ጋር?»

በአውራ ጣታቸው ወደ ኋላ ጠቆሙ። «እሱ ነው፣ ላይ ጨው ላይ የተቀመጠው። ቱፋ ይባላል። የሟች ባሌ ወንድም።»

ገረመኝ። «ከከሰሱት ሰው ጋር በአንድ መኪና?»

«መኪናው አንድ፣ መንገዱ አንድ፣ ዳኛው አንድ። ምን ላድርግ?» አሉና ጭናቸው ላይ ያስቀመጡትን ስንቅ መታ መታ አደረጉ። ገብስ ተቆልቶና ተፈጭቶ በቅቤ የሚታሸው የአርሲዎች ስንቅ፣ ጩኮ ነበር። «ለእሱም ጭምር ይዣለሁ። ሚስቱ ታማለች፣ ማን ይቋጥርለት? መሬቴን ይመልስ አልኩ እንጂ በረሃብ ይሙት አላልኩም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ባላቸው ሲሞት በጢቾ አውራጃ አንድ የግጦሽ መሬት ትቶላቸው ነበር። ቱፋ «የወንድሜ ነው» ብሎ ያዘው። ሦስት ዓመት በፍርድ ቤት ተመላለሱ። ባለፈው ቀጠሮ ቱፋ ሲገኝ እሳቸው ታመው ቀሩ። ዳኛው «ከሳሽ አሁንም ከቀረች መዝገቡ ይዘጋል» ብለው አስጠንቅቀዋል።

«ዛሬ አራት ሰዓት ላይ ስሜ ይጠራል» አሉኝ አደ መዲና። «ከሌለሁ አበቃ። ከብቶቼን የት አሰማራለሁ?»

ገና ከከተማ ስንወጣ መኪናዋ ማሳል ጀምራ ነበር። ታፈሰ «ብርዱ ነው፣ ስትሞቅ ይተዋታል» አለ። ሳጉሬን አልፈን የገለማ ተራራን ዳገት ስንያያዝ ግን ሳሉ ባሰባት። ከኋላችን ወፍራም ጭስ ተነሣ። ከላይ የተቀመጡት የጋቢናውን ጣሪያ መደብደብ ጀመሩ። ታፈሰ ማርሽ ቀነሰ፣ እንደገና ቀነሰ። መኪናዋ ሁለት ሦስት ጊዜ ተንዘፈዘፈችና ቀጥ አለች።

«ድንጋይ! ጎማው ሥር ድንጋይ አግቡ!» ብሎ ጮኸ ፍሬኑን እንደ ረገጠ። ሰዎቹ ዘልለው ወረዱና ድንጋይ አስገቡ።

ኮፈኑን ከፈተ። የእሳት ብልጭታ የሚሰጡትን ካንዴላዎች ሲፈታ እርጥብና ጥቁር ሆነው ወጡ። ከዚያ ከነዳጁ ቋት የሚመጣውን ቧንቧ ነቀለና በአፉ ሳበው። አፉ የገባውን ነዳጅ ወዲያው ተፋው።

«ናፍጣ!» አለ። «ናፍጣ ነው!»

እኔ አሁንም አልገባኝም። ናፍጣ መሆኑን አውቃለሁ፤ ምን አስጮኸው? ነገሩን የተረዳሁት ቀጥሎ በተናገረው ነው።

«ያ ሌባ! ቤንዚኑን በናፍጣ በርዞ ሸጠልኝ። የቤንዚን ሞተር ናፍጣ አጠጥቶ ሊገድልብኝ! ቆይ፣ ዛሬውኑ ጢቾ ፖሊስ ጣቢያ ነው የምገባው። አሳስረዋለሁ!»

የሚለው ቤንዚን ከናዝሬት የሚያመጣለትን ነጋዴ ነው። ያ ሰው በመጣ ቁጥር የእናቴን ደብዳቤ ይዞልኝ ይመጣል። አንዳንዴም እናቴ የላከችልኝን በርበሬ። አምስት ልጆች አሉት። ታፈሰ ግን አላቆመም፤ ተሳፋሪዎቹን «እናንተ ምስክር ናችሁ! ቅመሱት፣ አሽትቱት!» እያለ ቧንቧውን ያሳያቸዋል።

«ተው!» አልኩ። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ተው! በሰው አታላክክ። እኔ ነኝ። እኔ ነኝ የጨመርኩት።»

ባሌን ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ ያልኩት ያን ጊዜ ነው።

«ምኑን?» አለ።

«ናፍጣውን። ሁለቱንም ጄሪካን። ቤንዚኑ በርሜሉ ውስጥ እንዳለ ነው። ርካሽ ነው ስትል ሰምቼ... እንዲቆጠብልህ ብዬ...»

«ከየት አመጣሽው?»

«ገዛሁት።»

«በምን?»

እጄ ሳላዘው ሄዶ ጆሮዬን ያዘ። እሱም አየ።

ቧንቧውን አስቀመጠ። ተሳፋሪዎቹ ከበውናል። አማርኛ የሰማው ላልሰማው ይተረጉማል፤ እኔ ኦሮምኛ ባልሰማም «ናፍጣ» የምትለው ቃል በየመሐሉ ትደርሰኛለች። አንዱ ራሱን ይነቀንቃል፣ ሌላው መሬቱን ይደበድባል። አንድ ጎልማሳ «ቀኔን አቃጠለችው!» ብሎ ጮኸብኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ታፈሰ መሬት ላይ ተንጋለለና ከመኪናዋ ሥር ገባ። ጥቂት ቆይቶ «ዘኔ፣ ጄሪካኑን አቀብዪኝ» የሚል ድምፅ መጣ። አቀበልኩት። የቋቱን ብሎን ፈትቶ ናፍጣውን ወደ ጄሪካኑ ማውረድ ጀመረ። ያ ጎልማሳ «መሬት ላይ ልቀቀው እንጂ፣ ምን ጊዜ ታባክናለህ?» ቢለው ታፈሰ ከሥር ሆኖ «አይፈስም። ይሄ ውድ ናፍጣ ነው» አለ።

ምን ማለቱ እንደሆነ የገባው ለሁለታችን ብቻ ነው። ፊቴን ወደ ገደሉ አዙሬ አለቀስኩ።

አደ መዲና ከጋቢናው ወርደው ፀሐይዋን ቀና ብለው አዩ። «መቼ ትነሣለች?» ብለው ጠየቁ።

«እናቴ፣ አልዋሽዎትም» አላቸው ታፈሰ። «ቋቱን አውርጄ፣ ቧንቧውን አጥቤ፣ ካንዴላውን አድርቄ ነው። አራት ሰዓት ጢቾ አንገባም።»

«በእግርስ?»

«ለወጣት የሦስት ሰዓት መንገድ ነው።»

«እኔ ታዲያ ወጣት አይደለሁ?» አሉ። ዐይናቸው ግን አልሳቀም። ስንቃቸውን አዘሉ፣ ዱላቸውን አነሡ። በአጠገቤ ሲያልፉ ይረግሙኛል ብዬ አንገቴን ሰበርኩ። እጄን ያዙኝ።

«እኔም ሙሽራ ሳለሁ የባሌ ላም ብዙ ወተት ትስጥ ብዬ ጨው አብዝቼባት ልገድላት ነበር» አሉኝ። «አታልቅሺ። ላሚቷም ዳነች፣ ባሌም አልፈታኝም።» ይህን ብለው ዳገቱን ተያያዙት።

እሳቸው ከሄዱ ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ከበታች አንድ ፈረሰኛ መጣ። ጥቁር በርኖስ ለብሷል፤ እዚያው ቅርብ ካለ መንደር ለቅሶ የሚደርስ ሰው ነበር። የቱፋ ዘመድ ኖሮ ተሳሳሙ። ቱፋ የሆነውን ነገረው። ሰውዬው ምንም ሳያቅማማ ከፈረሱ ወረደና ልጓሙን ሰጠው፤ የሚሄድበት ቅርብ ስለሆነ በእግሩ ሊደርስ፣ ፈረሱን በማግሥቱ ሊቀበል ነው።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ቱፋ በፈረስ ከሄደ በሰዓቱ ይደርሳል። አደ መዲና አይደርሱም። ስማቸው ሦስት ጊዜ ይጠራል፣ አቤት የሚል የለም፣ መዝገቡ ይዘጋል። መሬቱ ለቱፋ ይቀራል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በእኔ ናፍጣ ነው።

ሮጬ ልጓሙን ያዝኩ። «ኦቦ ቱፋ! ጥፋቱ የኔ ነው። እሳቸው ለምን ይቀጡበት? እባክዎ ፈረሱን ለእሳቸው ይስጡ!»

ከላይ ሆኖ አየኝ። ዐርባ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ፊቱ ጠቆር፣ ኮስተር ያለ ሰው። «ልቀቂ አንቺ ልጅ» አለኝ በአማርኛ። «ቀጠሮው የኔም ነው። ባለፈው እሷ ስትቀር እኔ ዝናብ ውስጥ መጥቼ ነበር።»

ልጓሙን ከእጄ አስለቀቀና ፈረሱን ኮለኮለው። አቧራው ፊቴ ላይ ቀረ።

መንገዱ እየተጠማዘዘ የሚወጣ ስለሆነ ከቆምንበት የላይኛው ጥምዝ ይታያል። አደ መዲና እዚያ ደርሰዋል። በመንገዱ ዳር እንደ ጉንዳን እያዘገሙ ነው። ሁላችንም አንጋጠን እናያለን። ቱፋ ሲጋልብ ብቅ አለ። ደረሰባቸው። ዘወር ብሎም አላየም፤ አለፋቸው።

አንድ ሽማግሌ ተሳፋሪ «ያ ረቢ!» ብለው ዐይናቸውን ሸፈኑ።

ፈረሱ ከጥምዙ ሊሰወር ትንሽ ሲቀረው ቆመ። ለምን ያህል ጊዜ እንደቆመ አላውቅም፤ ለእኔ ረጅም ነበር። ከዚያ ተመለሰ። ቱፋ ወረደ። የሚባባሉት አይሰማንም፤ የአደ መዲና ዱላ ግን ሁለት ሦስት ጊዜ ሲወዛወዝ አየን። በመጨረሻ እንደ ሕፃን አቅፎ አነሣቸውና ኮርቻው ላይ አስቀመጣቸው። ልጓሙን ይዞ ከፊት ሆኖ ዳገቱን መሮጥ ጀመረ። እየሮጠ ነው ከጥምዙ ጀርባ የጠፋው።

ታፈሰ ከመኪናዋ ሥር ናፍጣ የነካው ፊቱን አውጥቶ «ምንድን ነው? ምን ሆናችሁ?» አለ። ያ የጮኸብኝ ጎልማሳ ኮቱን አወለቀና «እስኪ ምን ልያዝልህ?» ብሎ አጠገቡ ተንበረከከ።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ሠራተኛ ሆነ። ካንዴላዎቹን ከመኪናዋ ራቅ ብለን ባነደድነው እሳት ዳር አደረቅናቸው። ሽማግሌው ጭራሮ ለቅመው ያቀብላሉ። ታፈሰ ከመቀመጫው ጀርባ ለክፉ ቀን የሚያስቀምጣት አንዲት ቆርቆሮ ቤንዚን ነበረችው፤ ተራራውን ለመጨረስ ትበቃለች፣ ከዚያ ወዲያ ቁልቁለት ነው። ከፊቷ የማስነሻውን ብረት አስገብቶ ሲያሽከረክር፣ ሲያሽከረክር፣ ተነሣች። ሰዎቹ እልል አሉ። ሽማግሌው ወደ እኔ እያዩ በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገሩና ሁሉም ሳቁ። ታፈሰን «ምን አሉ?» ብዬ ስጠይቀው «ለባሏ ብላ ያጠፋች ሴት፣ ባሏን በልታ ካጠፋች ትሻላለች አሉ» አለኝ።

ጢቾ የገባነው ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ታፈሰ ጨዉን ሳያራግፍ መጀመሪያ ወደ ፍርድ ቤቱ ነዳ። ከግቢው ውጭ አንድ የጥድ ዛፍ ሥር አደ መዲናና ቱፋ ተቀምጠዋል። መሐላቸው ጩኮው ተዘርግቷል፣ ከአንድ ዕቃ ይበላሉ። ፈረሱ ሣር ይግጣል።

«ደረሳችሁ?» አልኩ ከጋቢናው ዘልዬ።

«ሦስተኛው ሲጠራ!» አሉ አደ መዲና። «ፈረሱ ላይ ሆኜ ነው አቤት ያልኩት። ዳኛው ወጥተው አዩን። ‹ከሳሽ ማን ነው፣ ተከሳሽ ማን ነው?› አሉ። ‹እኔ ከሳሽ፣ ልጓም የያዘው ተከሳሽ› አልኳቸው።»

«ከዚያስ? ምን ፈረዱ?»

«ቀጠሮ ሰጡን። ለመጋቢት።»

ታፈሰ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ዳኛው «በአንድ ፈረስ የመጣችሁ ሰዎች ሽማግሌ አታጡም፤ ይዛችሁ ኑ» ብለው ነው የሸኟቸው።

እኔ ግን ሆዴ አልቻለም። ቱፋን ለምን እንደተመለሰ ታፈሰ በኦሮምኛ እንዲጠይቅልኝ ለመንኩት። ቱፋ መጀመሪያ የጎረሰውን ጩኮ አኝኮ ዋጠ። ቀጥሎ የተናገረውን ታፈሰ እንዲህ ብሎ ተረጎመልኝ፦ «ከሳሼ ሳትኖር ማንን ልረታ ነው? አገሩ ‹ቱፋ ረታ› አይልም። ‹ቱፋ የወንድሙን ሚስት መንገድ ላይ ጥሎ በፈረስ አለፈ› ነው የሚለው። ደግሞ ሳልፋት አልጠራችኝም። ብትጠራኝ ኖሮ እሄድ ነበር።»

አደ መዲና በዱላቸው ጫፍ እግሩን ነካ አደረጉት። «ውሸቱን ነው» አሉኝ በአማርኛ። «ጩኮው እኔ ጋ ስለነበረ ነው።»

በማግሥቱ ታፈሰ ጢቾ ላይ ቤንዚን ተበድሮ ስንመለስ፣ ፈረሱን ለባለቤቱ በልጅ ልከው ሁለቱም አብረውን ተሳፈሩ። ታፈሰ ከመነሣታችን በፊት ተሳፋሪዎቹን ሰብስቦ «ወንድሞቼ፣ የትናንቷን ነገር እዚያው ገለማ ላይ እንቅበራት» አላቸው። ቀበሯት። አሰላ ውስጥ ስለዚያ ቀን አንድም ሰው አንስቶብኝ አያውቅም። መኪናዋ ለምን ዘገየች ብሎ ለጠየቀው ሁሉ ታፈሰ «ካርቡራተሯ ቆሽሾ» ይል ነበር። ቤንዚን አምጪው ነጋዴ ሲመጣ ግን ታፈሰ ዐይኑን ማየት አቅቶት ከወንበሩ ተነሥቶ ያስቀምጠው ጀመር። ሰውዬው ይህ ሁሉ አክብሮት ከየት እንደመጣበት ሳያውቅ ሞተ።

ታፈሰ በዚያ ሳምንት ኮፈኑን ከፍቶ አጠገቡ አቆመኝና ቤንዚን በእሳት ብልጭታ፣ ናፍጣ ደግሞ አየር ታምቆ ሲግል እንደሚነድ አስረዳኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያልገባኝን ሳልጠይቅ አላለፍኩም። ያን ናፍጣ የአጥራችንን ቋሚዎች ሁሉ ምስጥ እንዳይበላቸው ቀባበት። ጎረቤት «አጥርህ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚጠነክረው?» ሲለው «ወርቅ አለበት» ይል ነበር፤ ሰዉ ቀልድ ይመስለዋል።

መጋቢት ሳይደርስ አደ መዲናና ቱፋ በሽማግሌ ታረቁ። መሬቱ ለእሳቸው ሆነ፤ በበጋ ግን የቱፋ ከብቶች ይሰማሩበታል። አደ መዲና ይህን የነገሩኝ ቅቤ ይዘውልኝ ቤቴ ድረስ መጥተው ነው። እኔ ነበርኩ ካሳ የምከፍላቸው።

አሁን ሁሉም የሉም። አደ መዲና ቀድመው፣ ቱፋ ቀጥሎ፣ ታፈሰም ከሞተ ዐሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ያች ካሚዮን ጎማዋ ወልቆ ግቢ ውስጥ ስትዝግ ልጆቼ ሲጫወቱባት ኖሩ፤ በኋላ ማን እንደወሰዳት እንኳ ረስቻለሁ።

ባለፈው ዓመት ለለቅሶ ወደ ጢቾ ስሄድ የተሳፈርኩባት ሚኒባስ ያንን ዳገት በአንድ ትንፋሽ ወጣችው። ከጥምዙ ስንደርስ ሾፌሩን «ልጄ፣ እባክህ አንዴ አቁምልኝ» አልኩት። ወርጄ ቆምኩ። ነፋሱ ያው ነው። ባስታወስኩት ቁጥር ያሳፍረኝ ስለነበር እዚያ ቦታ ላይ ሀፍረቱ እንደገና የሚጠብቀኝ መስሎኝ ነበር። የመጣብኝ ግን ናፍቆት ነው። ሰዎቹ ሁሉ፣ ያ የጮኸብኝ ጎልማሳ እንኳ ሳይቀር ናፈቁኝ።

ሾፌሩ ወርዶ ክንዴን ያዘኝ። «እማማ፣ አመመዎት እንዴ?»

«ደህና ነኝ ልጄ» አልኩት። «አንድ ጊዜ እዚህ ቦታ ላይ ብዙ ሰው ይቅር ብሎኛል።»